ዋስ የሆንኩለት ሰው

ጋሽ እንድሪስ መሞቱን የነገረኝ ታናሽ ወንድሙ ሰይድ ነው። ሱብሒ ሰግጄ ከመስገጃዬ ሳልነሳ ስልኬ ጠራ። "ሰዓዳ፣ ወንድሜ ወደ አኼራ ሄደ። ሬሳው ከደሴ መጥቷል፣ ዙህር ተሰግዶ ሮቢት ይቀበራል" አለኝ። "ኢና ሊላሂ" አልኩ።  እሱም፣ "እንግዲህ ሐቅሽን አውፍ በይው እቴ። ጀናዛው ሳይነሳ እሱን ብቻ ነው የምለምንሽ" አለ።

እመጣለሁ አልኩት እንጂ እሺ አላልኩትም።

እኛ አገር ሬሳ ሊነሳ ሲል ከሟች ቤተሰብ አንዱ ይቆምና ሟች ላይ ሐቅ ያለው ሰው እንዲናገር፣ ካልሆነም ለአላህ ብሎ አውፍ እንዲለው፣ ማለትም ይቅር እንዲለው ይለምናል። ሰው ሁሉ "አውፍ ብለናል" ይልና ቃሬዛው ይነሳል። እኔም በዕድሜዬ ስንቱን አውፍ ብያለሁ፤ ግማሹን በወጉ እንኳ አላውቀውም ነበር። ይህን አንድ ሰው ግን አውቀዋለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አንቱ ስለው ኖሬ ዛሬ "እሱ" እያልኩ የምጽፈው ተቀይሜው ነው። አንባቢ ይታገሠኝ።

አስራ አንደኛ ክፍል ታሪክ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቆቦ ላይ እሱ ያላስተማረው ሰው ማግኘት ይከብዳል። የባጃጅ ሹፌሩም፣ የባንኩ ጥበቃም፣ ወረዳው ላይ ማኅተም የሚመታውም የእሱ ተማሪ ነበር። ረጅም ነው፣ አንገቱ ቀጭን ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ፎጣ ውሃ ውስጥ ነክሮ አንገቱ ላይ ጣል ያደርግና እንዲያ ሆኖ ያስተምራል። ዳስተር የሚባል ነገር አያውቅም። ሰሌዳውን በመዳፉ ይጠርግና መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ከጉልበቱ በላይ ዱቄት ቤት የዋለ ይመስል ነበር። ሚስቱ "እኔ ያገባሁት አስተማሪ ነው ወይስ ወፍጮ?" ትለው ነበር አሉ።

አንድ ጥያቄ ነበረችው። "ምንጭህ ማን ነው?" ይላል። ፈተና ላይ ይላል፣ ሻይ ቤት ይላል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይላል። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ፍየል ሲገዛ አይቼዋለሁ። ነጋዴው፣ ከወደ አፋር የመጣ ሰው ነው፣ "ይቺ መንታ ነው የምትወልደው" አለው። ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ፍየሏን በደንብ አያት። "ምንጭህ ማን ነው?" አለው። ሰውየው ግራ ገብቶት፣ "እናቷም መንታ ነበር የምትወልደው" አለ። "የእናቷን ምስክርነት ማን ሰማ?" አለና ገዛት። ነጠላ ነው የወለደችው። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ምሳሌ ሆና ተበላች።

ሌላው የማልረሳው ሆርማት ወንዝ የወሰደን ቀን ነው። ወንዙ ደርቋል፣ አሸዋው እግር ያቃጥላል። ደረቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው አዙሮ፣ "ቆቦ ላይ ዝናብ አይዘንብም" አለን። "የሚዘንበው እዚያ ላይ ላሉት ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ለእነሱ ተርፎ ነው። ጎርፍ እንለዋለን፣ እንጠልፈዋለን፣ ማሽላችንን እናጠጣለን። የዚህ ቆላ ታሪክ ሌላ አይደለም፤ ያንን ትራፊ ማን ቀድሞ ጠለፈው፣ ማን ቀረበት፣ ማን ከማን ተጣላ የሚል ነው። ይህን እስካሁን የጻፈው የለም። ከእናንተ አንዳችሁ ትጽፉታላችሁ።" ያን ጊዜ ሲናገር እኔን ያየ መሰለኝ። ምናልባት ሁላችንም እኔን አየኝ ብለን ይሆናል። እኔ ግን አመንኩ።

አድጌ፣ ታሪክ አጥንቼ፣ እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ተመለስኩ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከጎኑ ያለውን ወንበር ሰጠኝ። በአንድ ክረምት ሁለታችንም ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር፣ በዘመናዊ ታሪክ፣ ተቀባይነት አገኘን። የክረምት ትምህርት የሚያውቅ ያውቀዋል። ተማሪው ሲዘጋለት አስተማሪው ሻንጣውን ሸክፎ እሱም ተማሪ ሊሆን ይሄዳል። በዚያ ክፍል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ሽማግሌ እሱ ብቻ ነበር። ከሚያስተምሩን አንዱ የእሱ የቀድሞ ተማሪ ሆኖ ተገኘና ጋሽ እንድሪስን "አንተ" ለማለት አፍሮ አንድ ክረምት ሙሉ በስሙ ሳይጠራው ጨረሰ።

እንደ አባት ነበር፤ ይህን ካላልኩ ዋሸሁ። መኮሮኒ ይቀቅልና ይጠራናል። መኮሮኒው ሲገለበጥ የድስቱን ቅርጽ ይዞ ነበር የሚወጣው፤ "የጋሽ እንድሪስ መኮሮኒ በቢላ ነው" እየተባለ በመኝታ ቤቱ ሁሉ ታወቀ። ርዕስ የምናስጸድቅበት ቀን ደግሞ፣ እኔ የጎርፍ ውሃን ክፍፍል በቆቦ ቆላ እጽፋለሁ ብዬ ስነሳ፣ አንዱ መምህር "ይኼ የግብርና ነው እንጂ የታሪክ አይደለም" አለኝ።  ጋሽ እንድሪስ ከኋላ ተነሳ። "ጌታው፣ ይህን የሚለው ጎርፍ ያልቀረበት ሰው ነው" አለ። "እኛ አገር ሰው የሚሞተውም፣ የሚታረቀውም፣ የሚጋባውም በውሃ ተራ ነው። ይኼ ታሪክ ካልሆነ እኔ ሠላሳ ዓመት ምን እያስተማርኩ ነው?" ርዕሴ ጸደቀ። የእሱ ርዕስ የቆቦ ገበያ ነበር። እሱን ማንም አልተከራከረውም።

መረጃ ለመሰብሰብ ጎብዬ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች ዘንድ ስሄድ እሱም አብሮኝ መጣ። የእኔ ስልክ ሜሞሪው ሞልቶ አልቀዳ ስላለኝ በእሱ ስልክ ልንቀዳ ነው። የሄድነው ሼህ ይማም ዘንድ ነው፤ የእናቴ አጎት ናቸው፣ በዚያ አገር ደም አድርቅ ከሚቀመጡት፣ ገዳይና ሟች ወገን ከሚያስታርቁት ሽማግሌዎች ዋናው እሳቸው ነበሩ። ለዱዓ ጫት ይዘን ገባን፣ ተቀመጥን። ሼህ ይማም እኔን መረቁና ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞሩ።

"አንቺ የኛ ነሽ። ይኼ ሰውዬ ግን ማነው?"

"አስተማሪዬ ናቸው።"

"ማስተማሩንስ ያስተምር። ዋሱ ማነው ነው የምልሽ።"

"እኔ ነኛ" አልኩ። ምን እንዳልኩ አላሰብኩትም፤ ሰው ስለ አባቱ ሲጠየቅ አያስብም።

ሼህ ይማም ከዘራቸውን ዘረጉልኝ። "ያዢው። ዋስነት በአፍ ብቻ አይደለም። እዚህ የተሰማው የሰው ስም ከዚህ አይወጣም። ከወጣ የምንጠይቀው አንቺን ነው።" ከዘራውን ያዝኩ። ጋሽ እንድሪስ ራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ወላሂ ስም ከአፌ አይወጣም" ብሎ ማለ።

ከዚያ ሼህ ይማም ነገሩን። ድሮ በአንድ ክረምት፣ ከቦዩ በላይ ያሉት ገበሬዎች ከታች ላሉት ሊለቁት የሚገባውን ጎርፍ ዘግተው ያዙ። ቦዩ ላይ ጠብ ተነሳ፣ ከታችኛዎቹ አንድ ሰው ሞተ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስታረቁ፣ በሁለቱ ወገን መካከል ጋብቻ ተደረገ፣ ዛሬም የሚሠራው የውሃ ተራ ያኔ ተደነገገ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገዳዩም ሟቹም በስም አይነሱም። "የዚያ ክረምት ነገር" ይባላል፣ በቃ። የልጅ ልጆቹ ማን ማንን እንደገደለ አያውቁም፤ አብረው ያርሳሉ፣ ይጋባሉ። ሼህ ይማም ሲጨርሱ፣ "ደም ማድረቅ ማለት መርሳት እንዳይመስልሽ" አሉኝ። "እያወቁ ዝም ማለት ነው።"

ስሞቹን ለኛ የነገሩን እኔ ዋስ ስለሆንኩ ነው። እዚህም አልጽፋቸውም። የላይኛዎቹና የታችኛዎቹ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሊያውቅ የሚፈልግ ይቅርበት።

በቀጣዩ ዓመት ሦስተኛ ልጄን አረገዝኩ። እርግዝናው ከባድ ስለነበር ክረምቱን አቋርጬ ቀረሁ። ጋሽ እንድሪስ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ "አንቺ ልጅሽን በሰላም ገላገይ። ድምፁ እኔ ጋ ነው፣ እንዳይጠፋ ኮምፒውተር ላይም ጭኜዋለሁ። ስትመለሺ ትጽፊዋለሽ" አለኝ። እንዳይጠፋ። ቃሉን እንደ ቃሉ ነው የጻፍኩት።

ልጁን ወልጄ፣ ክረምቱ ዞሮ መጣ። የጋሽ እንድሪስ ዲፌንስ ነው ተባለ። ማንጎ በካርቶን አስጭኜ፣ ሕፃኑን አዝዬ ሄድኩ። ፊት ለፊት ነው የተቀመጥኩት፣ እንደ ዘመድ። ግድግዳው ላይ ስላይዱ በራና ርዕሱን አነበብኩ። ርዕሱ የኔ ነው። ወላሂ መጀመሪያ ያሰብኩት፣ "ሽማግሌው ተሳስቶ የኔን ፋይል ከፈተ" ብዬ ነው። ሳቅም ብዬ ነበር። እንዲያስተካክል ላመለክተው እጄን ሳነሳ አየኝ፣ ዐይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ያኔ ገባኝ።

አቀራረቡ እንዴት ያምር እንደነበር ልናገር? ያምር ነበር። ፎጣ አንገቱ ላይ የለም፣ ከረባት አስሯል። ስለ ትራፊ ዝናብ ተናገረ፣ ስለ ቦዩ ተናገረ፣ ስለዚያ ክረምት ተናገረ። ከዚያ ስማቸውን ጠራ። የገዳዩን ከነአባቱ፣ የሟቹን ከነአባቱ፣ የመንደራቸውን፣ ያጋቧቸውን ልጆች። ፈታኙ፣ "ዘንድሮ ምንጩን በስሙ ጠርቶ የጻፈ ተማሪ ያየሁት አንተን ብቻ ነው" አለው። ተጨበጨበ። እኔም ያጨበጨብኩ ይመስለኛል፤ እጄ ከሰው ጋር ሄደ። ምስጋናው ላይ ደርሶ "መንገድ ላሳየችኝ እህቴ ሰዓዳ" ሲል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለልኝ።

ውጭ ጥላ ሥር ያዝኩት።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ረጋ በይ ሰዓድዬ።"

"ገበያዎ የት ሄደ?"

"ገበያው አልሆነም። አማካሪው በቂ ምንጭ የለህም ብሎ መለሰኝ። እንደገና ብጀምር ጡረታዬ ይደርሳል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ርዕስ አታጪም።"

"ርዕሱንስ ይውሰዱት፣ እሺ። ስማቸውን ለምን ጠሩ? ዋስ ሆኜልዎ?"

እዚህ ላይ ድምፁ የአስተማሪ ሆነ። "ስም የሌለው ታሪክ ተረት ነው። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አማካሪው ስም ካላስገባህ አላሳልፍህም አለኝ፣ ምን ላድርግ? ደግሞስ ማን ያነበዋል? የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያነበው አይጥ ነው።"

ይህን ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሊያቅፈኝ ፈለገ። ሸሸሁ። ማንጎውን ግን እዚያው ትቼለት መጣሁ፤ ካርቶኑ ከሕፃኑ ጋር ይከብደኝ ነበር።

እኔ ከዚያ በኋላ የቆቦን ገበያ ጽፌ ተመረቅኩ። እኔ ዘንድ ያለው ቂም እዚህ ቢቆም ኖሮ ምናልባት ዛሬ አልጽፍም ነበር። በስንፍና ሥራ መንጠቅ በትምህርት ዓለም ያለ ነገር ነው፤ ሰው ያለቅስና ይተወዋል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ብዬ እተርትና አልፈዋለሁ።

አይጥ ያነበዋል ያለውን ዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት ላይ ጫነው። ከታችኛዎቹ ወገን የሆነ አንድ ተማሪ ለቤት ሥራው "ጎብዬ" ብሎ ሲፈልግ ወጣለት። የአባቱን አያት ስም አየ። ገጹን ፎቶ አንስቶ የቀበሌያቸው ወጣቶች ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። በማግስቱ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጠውም ሽንኩርት የሚገዛውም ያወራው ነበር።

ጎብዬ ላይ ሱቅ ያላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ባል የላይኛዎቹ ነው፣ ሚስት የታችኛዎቹ። ትልቁ ልጃቸው የወጣለት ስም የባልየው አያት ስም ነው። ደግ ሰው ነበሩ ተብሎ፣ ስማቸው ይቀጥል ተብሎ። ሚስትየዋ ያን ስም ስልኳ ላይ አነበበችው፣ ከፊቱ "ገዳይ" የሚል ቃል ተጽፎበት። ከሥሩ ደግሞ የሟቹ፣ የራሷ አያት ስም አለ። ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገባች። ወንድሞቿ ከባሏ ወንድሞች ጋር ሰላምታ አቆሙ። ክረምቱ ደርሷል። ጎርፍ ሲመጣ እነዚህ ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው አንድ ቦይ ላይ ነው የሚገናኙት። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ፤ ጎርፉ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ቢመጣ የሚፈሰው ውሃ ብቻ አይሆንም ነበር።

ሼህ ይማም አስጠሩኝ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ ተቀምጠዋል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"አንቺን አንከስም" አሉኝ። "ሰውየውን አምጪው። በሁለቱም ወገን ፊት ይቁም፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አልላከኝም ይበል፣ ድንጋይ ተሸክሞ አውፍ በሉኝ ይበል። ከዚያ እንመርቃለን፣ እንዘጋዋለን። ሌላ የምንፈልገው የለም።"

እውነትም ሌላ አልፈለጉም። ክስ የለ፣ ካሣ የለ። መጥቶ መቆም ብቻ። ጋሽ እንድሪስ በዚያች ዲግሪ ደሴ አንድ ኮሌጅ ገብቶ ነበርና ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት መሰለኝ። "ሰዓድዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሐሙስ እመጣለሁ" አለ።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹም፣ ሁለቱ ወገኖችም ተሰብስበው ዋሉ። እኔ አስፋልቱ ዳር ካለችው ካፌ ተቀምጬ ከወልድያ በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ እቆጥራለሁ። እኩለ ቀን ላይ ደወለ። "ሰዓዳ፣ መንገድ ተዘግቷል፣ መኪና የለም" አለኝ። ይህን ሲለኝ ከደሴ የተነሳ ሚኒባስ ፊቴ ቆሞ ሰው ያወርድ ነበር። ረዳቱን፣ "መንገድ ሰላም ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። "እንዴታ፣ ሰላም ነው እቴ" አለኝ። ጋሽ እንድሪስ ስልኩ ላይ ሰምቶታል።  ስልኩን ዘጋሁት።

ከርዕሴም፣ ከምስጋናውም፣ ከጭብጨባውም ይልቅ የከዳኝ ያን ጊዜ ነው። ሰው ሥራውን ፈርቶ ያጠፋል፣ ዕድሜው ደርሶበት ያጠፋል። ይሁን። ግን እዚያ ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እሱን እንደሆነ ያውቅ ነበር። እኔ በማን ቦታ እንደተቀመጥኩ ያውቅ ነበር።

ሌላ ቀን ተቀጠረ። አሞኛል አለ። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ስልኩ አይሠራም። ሰማዩ ከተራራው በኩል ጠቁሯል። ሼህ ይማም ሽማግሌዎቹን አማከሩና ጠሩኝ።

"ሕጉን ታውቂዋለሽ" አሉኝ፣ ዐይኔን ሳያዩ። "ዋስ ሰውየውን ካላመጣ ዋስ ይሸከማል።"

ሴት ድንጋይ ተሸክማ አይተው አያውቁም። ሴቶቹ ከወዲያ ሆነው "ኧረ በአላህ፣ እሷ ምን አደረገች?" እያሉ ሲያጉረመርሙ እሰማለሁ። ከቦዩ ዳር ድንጋይ አምጥተው አንገቴ ላይ ጫኑልኝ። በታችኛዎቹ ፊት ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። "ያነሳሁት እኔ ነኝ። አውፍ በሉኝ" አልኩ። ከሟቹ ወገን ትልቁ ሰው "ጣይው" እስኪሉ ድረስ አይጣልም። ሰውየው ቆዩ። በእኔ ላይ ቂም ይዘው አልነበረም የቆዩት። ቀና ማለት ስለማልችል እግራቸውን ብቻ ነው የማየው፤ እግራቸው ወደ አስፋልቱ ዞሯል። ሁሉም መንገዱን ያዩ ነበር። ምናልባት ይመጣ ይሆናል ብለው ለእሱ ጊዜ እየሰጡት ነበር፣ በእኔ አንገት።

"ጣይው ልጄ" አሉ በመጨረሻ። ጣልኩት። ተመረቀ፣ ተዘጋ። ያን ክረምት ጎርፉ በተራው ነው የተጠለፈው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተነካም። ሚስትየዋም ወደ ባሏ ተመለሰች። ልጇን ግን ባወጡለት ስም መጥራት ትታለች። ሌላ ስም አውጥታለታለች፣ ባሏ በአሮጌው ይጠራዋል፣ እሷ በአዲሱ። ልጁ ለሁለቱም አቤት ይላል።

ያን ዕለት ሼህ ይማም ለብቻ ወስደው፣ "ከእንግዲህ እኛ ዘንድ አልቋል" አሉኝ። "የእኛን ሐቅ አንቺ ተሸክመሽ ከፍለሽዋል። ሰውየው ላይ ሐቅ ያለው ካንቺ በቀር ማንም የለም። ብትፈልጊ አውፍ በይው፣ ብትፈልጊ ለአላህ ስጪው። ማንም አያስገድድሽ።" እሳቸው ይህን ያሉኝ ሊያሳርፉኝ ነው። እኔ ግን አላረፍኩም። ሽማግሌዎቹም አውፍ ይበሉት ብዬ የማመካኝበት በር ተዘጋብኝ።

ጋሽ እንድሪስም አንድም ቀን አውፍ በይኝ ብሎ አልጠየቀኝም። በዒድ መልእክት ይልክልኛል፣ "ዒድ ሙባረክ" የሚል፣ አበባ ያለበት ሥዕል። ለሁሉም የሚልከው ነው።

እንግዲህ ሮቢት ሄድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ተማሪዎቹ ከየአገሩ መጥተዋል፣ አንዱ ለሌላው ፍየሏን ሲያወራ ሰማሁ፣ ሲስቅም ሰማሁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ ነበር። እወደው ነበር፤ ይህን ካልጻፍኩ ምንም አልጻፍኩም። ቆቦ ላይ ትራፊ ዝናብ ነው የሚመጣው ብሎ ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ዛሬም ተማሪዎቼን ወስጄ እዚያው ወንዝ ላይ አቆማቸዋለሁ።

ጀናዛው ወጥቶ ተቀመጠ። ሰይድ ቆመ። ገበሬ ነው፣ ያው አንገቱ ቀጭን ነው፣ ከሩቅ ሲታይ ሟቹ ራሱ የቆመ ይመስላል። "ጀምዓው፣ ወንድሜ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይንገረኝ፣ የለም ካላችሁ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት" አለ። ሰው ሁሉ "አውፍ ብለናል" አለ። ሰይድ ግን ቃሬዛውን አንሱ አላለም። ወደ ሴቶቹ በኩል መጣና ፊቴ ቆመ። 

"ሰዓዳ፣ ያጠፋውን አውቃለሁ" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። "በመጨረሻ ታሞ ሳለ ነግሮኛል። ልደውልላት ብለው እምቢ አለኝ፣ አፈረ። ይኸው እኔ አለሁ። ሰደቃው እንዳለቀ ጎብዬ እሄዳለሁ። እንደ እሱ ሆኜ እቆማለሁ፣ ድንጋይም ካሉኝ እሸከማለሁ። ወላሂ እኔ ዋሱ እሆናለሁ። አንቺ ብቻ አውፍ በይው።"

ያን ቀን አንገቴ ላይ የነበረውን አስታወስኩ። ይህ ሰው ከወንድሙ ርዕስም ዲግሪም የደረሰው የለም። በሰላም አርሶ አደር ሆኖ የሚኖር ሰው ነው። አንገቱን አየሁት።

"ሰይድ፣ ለእሱ ዋስ እንዳትሆን" አልኩት።

"እንዴት ታዲያ..."

"ጎብዬ አትሂድ፣ እነሱ ጨርሰዋል። አንሱት፣ ፀሐይ ነው።"

ፊቴን ፈለገው። "አውፍ አልሽው ማለት ነው?"

"አንሱት ነው ያልኩህ።"

 ሰይድ ወደ ወንዶቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ሰዓዳም አውፍ ብላለች" አለ። እንዲያ አላልኩም ነበር። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ቃሬዛውን ሲይዙት አየሁ፣ አላረምኩትም።